የአንጁሎ ከበሮና ቀዩ መብራት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ሰፈራችን ሲቀላ ውስጥ ስንቱ "ሬዲዮኔ ውስጥ ጋኔን ገባ" ብሎ አምጥቶልኝ፣ ከፍቼ የሞተ በረሮ አውጥቼ አሳይቼዋለሁ መሰለህ። ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነበር፣ በደርግ ጊዜ ነው የምልህ፣ በእጄም እኮራ ነበር፣ ዛሬም እኮራለሁ።

አንጁሎ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ። ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተና፣ መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ሁለቱም ጆሮው ደንቁሮ ተመለሰ። መናገሩን ይናገራል፣ ሰው የሚለውን ግን ከንፈር እያየ ነው የሚረዳው። ከበሮውንም ይመታል፣ ችግሩ ዘፋኞቹ የት እንደደረሱ አያውቅም፣ እነሱ ጨርሰው እሱ ገና ይመታል፣ ሰው ይስቅበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከካምባና ከገረሴ ኪነት ቡድኖች ጋር ባለን ውድድር ላይ ካበላሸ በሌላ ሰው እንደሚተካው ቁርጡን ነገረኝ። አንጁሎ ይሄን ሲያውቅ ከቤት መውጣት ተወ፣ አንጀቴን በላው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፣ ጆሮው እምቢ ካለ በዓይኑ ይስማ! ከተበላሹ ቴፖች ላይ እነዚያን በድምፅ የሚበሩ ትናንሽ መብራቶች ለቃቅሜ ጣውላ ላይ በሦስት ረድፍ ደረደርኳቸው፤ አረንጓዴው ቀጭን ድምፅ ሲሰማ ይበራል፣ ለክራሩ ነው፤ ቢጫው ለዘፋኞቹ፤ ቀዩ ደግሞ ለከበሮው ብቻ፣ የቀዩን ማይክ ራሱ ከበሮው ላይ ነው ያሰርኩት፣ አንጁሎ ካልመታ አይበራም። ድምፁ ሲጠነክር ብዙ መብራት፣ ሲለሰልስ ጥቂት። ስንለማመድ አንጁሎ ቢጫውን እያየ ይገባል፣ ቢጫውን እያየ ያቆማል፣ እንዴት አምሮበት እንደነበር! ታዲያ አንድ ቀን፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ ቀዩ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ብየዳው ላልቶ ነው ብዬ ደግሜ በየድኩት። በሌላ ቀንም እንደዚያው አደረገ፣ አሁንም በየድኩት።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መብራቱ እንዲታይ መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ጋርደናል። ዘፈኑ ተጀመረ፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር ሲጨፍር ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔ ከመድረኩ ጎን ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። መሀል ላይ አንዲት ተወዛዋዥ ሽቦ ረገጠችና ቢጫውም አረንጓዴውም ድርግም አሉ። አንጁሎ እጁን አየር ላይ እንዳነሣ ቀረ። ከበሮው ሲቆም ዘፋኞቹ ተደናገጡ፣ ድምፃቸው ተበታተነ፣ ሊቀመንበሩ ዞሮ አፈጠጠብኝ፣ በቃ አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ቀዩ በራ።

እመነኝ፣ የአንጁሎ እጅ ገና አየር ላይ ነው፣ ቀዩ በራ፣ ከዚያ ነው እጁ የወረደው። እንደገና በራ፣ ከዚያ መታ። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ተጠግቼ አየሁ፣ ሁልጊዜ መብራቱ ይቀድማል፣ እጁ ይከተላል። አመታቱስ ብትል፣ ከመዝመቱ በፊትም እንደዚያ መትቶ አያውቅም፣ ዘፋኞቹ አንድ በአንድ ወደ እሱ ተመለሱ፣ አዳራሹ ብድግ ብሎ ተነሣ፣ የገረሴ ሰዎች ሳይቀሩ ጨፈሩ። አንደኛ ወጣን! ያ ሊቀመንበር ራሱ አንጁሎን ትከሻው ላይ አውጥቶ አዳራሹን አዞረው፣ እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ምን አፍርበታለሁ።

ሰዉ ወጥቶ ዕቃ ስንሰበስብ ጠየቅኩት። ቢጫው ሲጠፋ ሁሉም ነገር እንደጨለመበት፣ ቀዩ ሲበራ ግን እንደመታ ነገረኝ። ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ፣ ቀዩ የሚበራው እኮ አንተ ስትመታ ነው አልኩት። ፈገግ አለ። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልፈትሸው ብዬ የቀዩን ሽቦ ልቆርጥ ፒንሳዬን ሳነሣ እጄን ያዘኝ።

"አትንካው" አለኝ። "ከግንባር ከተመለስኩ ወዲህ በስሜ ሲጠራኝ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።"

ፒንሳዬን አስቀመጥኩ። ከበሮው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ነው፣ ከሁለታችን በቀር በአዳራሹ ሰው የለም፣ ማንም ምንም አልነካም። ቀዩ አንዴ ብልጭ አለ።

አንጁሎ ቀና ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "አቤት" አለ።