ቀዩን ፈረስ እየሳበ የገባው ሰው

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896፣ በመከር ወራት፣ በአሜሪካ ከዊቺታ ተራሮች በስተደቡብ ያለው ሜዳ ቢጫ ለብሶ ሳለ፣ ኸርኬያ የተባለች የሃያ ዓመት የኮማንቺ ነገድ ወይዘሮ የታመመ ሕፃን ታቅፋ ከድንኳኗ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ትኩሳቱ አልበርድ ስላለ ስሙ ሊለወጥለት ተቆርጦ ነበር፤ አዲሱን ስም የሚያወጡለትም ፓኮቃ የተባሉ አዛውንት ጦረኛ ነበሩ፤ እሳቸውም በማግሥቱ ንጋት ፀሐይንና ምድርን ምስክር ጠርተው የልጁን ቅድመ አያት ጀብዱ ይናገራሉ፤ ስሙም ከዚያ ጀብዱ ይወጣል። በሐሰት የተማለበት ስም ሕፃን እንደሚቀብር በዚያ ሰፈር የማያውቅ አልነበረም።

ያ ቅድመ አያት፣ የኸርኬያ የእናቷ አባት፣ ወገኑ ሁሉ የሚያከብረው መሪ ነበር፤ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ የሞተ ሰው ስም አይጠራምና ስሙን ማንም አያነሣውም። ታሪኩ ግን በቤተሰቡ ሲወራረስ ኖሯል። የነጮቹ ወታደሮች በታላቁ ገደል ውስጥ ወገኑን በከበቡበት ቀን ከቦቃ ቀይ ፈረሱ ወርዶ ልጓሙን ለቆሰለ ወዳጁ ሰጠና በእግሩ ቆሞ ተዋጋ፤ በተከታዩ ዓመትም የተራበ ሕዝቡን መርቶ እጁን ሊሰጥ ወደ ወታደሮቹ ምሽግ ሲገባ፣ ሌላው በፈረሱ ላይ ተቀምጦ እርሱ ያንኑ ቦቃ ቀይ ፈረስ እየሳበ በእግሩ ገባ፤ ያየው ሁሉ ትሕትናውን አደነቀ።

ኸርኬያ ሁለቱን ወሬዎች እየሰማች አድጋለች፤ ጎን ለጎን አቁማቸው ግን አታውቅም። ያን ቀን የልጇን ግንባር በመዳፏ እየዳሰሰች ሳለች ነገሩ ድንገት ውሉ ጠፋባት። የሰጠው ፈረስ በምን ተመለሰለት? እናቷን ብትጠይቅ ወዳጁ መልሶለት ይሆናል አለቻት፤ ወዳጁ እኮ ከገደሉ አልወጣም ያለችውም ራሷ ናት። ባሏ ደግሞ ቀይ ፈረስ ሞልቷል ብሎ ሳቀባት። እርሷ አልሳቀችም፤ ነገ የሚማለው በልጇ ላይ ነው።

ስለዚህ የአያቷን ታናሽ እኅት ቴቸካን ፍለጋ ሄደች። አሮጊቷ በገደሉ ጦርነት የነበሩ ናቸው፤ ቆዳ ሲፍቁ አገኘቻቸው።

«አክስቴ፣ ፈረሱን የሰጠው ማን ነው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፤ ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ነገ ይማልበታል።»

ቴቸካ መፋቂያውን አስቀመጡ። «ወንድሜ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ፈረሱ የወዳጁ ነው። ወዳጁ ሚስትም ልጅም የለው፤ ‹አንተን ሕዝብ ይጠብቅሃል፣ እኔን ማን ይጠብቀኛል፤ ውጣ› አለው። ወጣ። ዞር ብሎም አላየ። እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ ስለነበር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸን?»

«መቼ ዋሸ! የሞተ ወዳጁን ስም መጥራት አይችል፤ ‹አንድ ጀግና ነበር› እያለ ያወራላችሁ ነበር። እናንተ ራሱን ነው፣ ጨዋ ስለሆነ ነው አላችሁት። አይደለሁም ቢላችሁ የባሰ ጨዋ አደረጋችሁት። በኋላ ደከመውና ተወው። ፈረሱን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀምጦበት አያውቅም፤ የእኔ አይደለም ይል ነበር።»

ኸርኬያ መንገዱን ሳታየው ተመለሰች። አያቷን ልትጠላው ፈለገች፣ አልሆነላትም፤ እንደ ድሮው ልታከብረውም ፈለገች፣ ያም አልመጣ አላት። ወዳጁን ትቶ የሸሸው ሰውና የተራበ ሕዝብ መርቶ ያዳነው ሰው አንድ ሰው ነው፤ እንዴት አድርጋ አንድ ላይ እንደምትይዛቸው ግራ ገባት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእርሷ ግን ንጋቱ ብቻ ጠራ።

ፓኮቃ ሕፃኑን ተቀብለው ለመማል አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዘች፤ የሰማችውን በዘመድ ሁሉ ፊት ተናገረች። እናቷ በብርድ ልብሷ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ወደ ቴቸካ ዞረው፣

«እኔ አላየሁም። ያየ ይማል» አሉ።

ቴቸካ ቀና ብለው ፀሐይዋን ጠሩ፤ ጎንበስ ብለው ምድርን በመዳፋቸው መቱ፤ ያዩትን ብቻ ተናገሩ። ፓኮቃም ሕፃኑን አራት ጊዜ ወደ ሰማይ እያነሡ «ከፈረሱ የወረደ» ብለው ሰየሙት።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ በስሙ ይሁን በዕድሜው የሚያውቅ የለም። የምሽጉ ጸሐፊ በዘመኑ የጻፈው አንድ መሪ ሕዝቡንና አንድ ቀይ ፈረስ ይዞ በሰላም ገባ የሚል መስመር ነው፤ ፈረሱን የሰጠው ሰው በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ቴቸካም የዚያን ሰው ስም ሳይጠሩ ሞቱ። ኸርኬያ አርጅታ፣ የልጅ ልጆቿ የአባታችን ስም የማን ጀብዱ ነው ሲሏት፣ «አንድ ጀግና ነበር» ብላ ትጀምርና ታቆማለች፤ ልጆቹ ዓይን ዓይኗን ያያሉ፤ እርሷም ስሙን አታውቀውም።