በእህቴ ፈንታ አቤት ያልኩ ቀን

አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እንዲያውም "ጅን መታኝ፣ ቆሌ ተቆጣኝ" የሚል ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ ምላሱን አስወጥቼ አይና ቀጥዬ የወባ ክኒን እሰጠው ነበር፣ አብዛኛውም ይሻለው ነበር። ድሬሰር ነበርኩ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ተምሬ፣ ነጭ ጋዎን ለብሼ ወደ ተወለድኩበት ጎረቤላ ስመለስ፣ በአካባቢው መርፌ መውጋት የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩና የትዕቢቴን ነገር ተወው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ "ተሾመ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም" እያሉ ሲተርቱብኝ፣ የተማርኩት እኔ፣ የጠመጠሙት እሳቸው፣ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ዘነበች የምትባል አንዲት እህት ነበረችኝ፣ በሰባት ዓመት የምታንሰኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት። ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር። በገና ጾም ለሰርጓ የሚሆን ጨርቅ ልንገዛ አህያ ነድተን አሊዩ አምባ ወረድን፣ ገበያ ውለን የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ሰዒድ ቤት አደርን፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ልንነሳ ስንል ጉም ወርዶ ዳገቱን ሁሉ ውጦታል።

"ልጄ፣ ቀትሩን እዚሁ አሳልፉት" አሉኝ ሐጂ። "ዙሁር ሰግጄ ራሴ እሸኛችኋለሁ። ያ ወንዝ በቀትር ባለቤት አለው።"

"ሐጂ፣ ባለቤቱ ወባ ካለበት ክኒን ይዣለሁ" አልኳቸው።

"አስተግፊሩላህ!" አሉና ፊታቸውን ወደ እህቴ አዞሩ። "አንቺ እንኳ ስሚኝ ልጄ፣ የጠራሽ ቢኖር ሦስት ሳይሞላ እንዳትመልሺ።"

"አውቃለሁ ሐጂ፣ እማዬም እንዲሁ ነው የምትለኝ" አለቻቸው።

ይህ ነገር የአገራችን ደንብ ነው። እኛ የምንጠራራው ከገደል ገደል ነው፣ በጉም ውስጥ ሰው ስምህን ሲጠራህ በመጀመሪያው ዝም ትላለህ፣ በሁለተኛውም ዝም ትላለህ፣ በሦስተኛው ብቻ አቤት ትላለህ፣ ክፉ ነገር ሦስቴ አይጠራም ይባላልና፤ ጠሪውም ደንቡን ስለሚያውቅ ሦስት ሳይሞላ አያቆምም። ደግሞ ተጠሪው ሸክም ከያዘ ወይ ትንፋሽ ካጠረው አብሮት የሚሄደው ሰው አቤት ይልለታል፣ ይህም ጨዋነት ነው፣ ማንም የሚያደርገው።

ወንዙ ዘንድ የደረስነው ልክ በስድስት ሰዓት ነው፣ ሰዓቴን አይቻለሁ። አህያዋ ጆሮዋን ቀስራ አልሻገርም አለች፣ ብጎትታት፣ ብሰድባት፣ ወይ ፍንክች። እስከዚያ ድረስ ገደሉ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ባንዴ ጸጥ አሉ፣ እሱንስ ነብር አይተው ነው ብዬ ነበር፣ ግን እመነኝ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሞ የወንዙ ድምፅ ከእኔ እየራቀ ሄደ፣ ማዶ ያለ ወንዝ እንደምሰማ ሆንኩ። ዘነበች ጨርቁን በጀርባዋ አዝላ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች መሃል ደርሳ ነበር።

"ዘነቡዬ!"

የእናቴ ድምፅ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም፣ እማዬ ትንሽ የሰለለ ጉሮሮ ነበራትና፣ የስሟን መጨረሻ ሽቅብ ስባ ነበር የምትጠራት። ከላይ ከዳገቱ ነው የመጣው። ዘነበች ባለችበት ቀጥ አለች፣ ዞር ብላ እያየችኝ አንድ ጣቷን አነሳች።

"ዘነቡዬ!"

አሁን ደግሞ ከታች፣ ከገደሉ በኩል። እህቴ ሁለት ጣት አነሳች። እኔ ግን ጫማዬ ርሷል፣ አህያዋ አቃጥላኛለች፣ ጾመኛ እናቴ ልትቀበለን ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ ጉም ውስጥ ስትጮህ ታየኝና፣ ሸክም ለያዘ ሰው እንደሚደረገው አፌን ከፍቼ "አቤት! እዚህ ናት!" አልኩ።

በዚያ ገደል ስታስል እንኳ ሳልህ ይመለስልሃል። የእኔ ድምፅ አልተመለሰም። ሦስተኛውን ጥሪ ጠበቅን፣ አልመጣም።

"ጋሼ፣ ሦስት አልሞላም እኮ" አለችኝ ዘነበች። "ለምን መለስክልኝ?" ብላ ብትቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣችም።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር፣ በጾም ቅዳሴ የሚገባው በቀትር አይደል፣ ከጠዋት ጀምሮ ከደጀ ሰላሙ ንቅንቅ አላለችም። የሆነውን ስነግራት "አቤት ያለው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። መደቡ ላይ ቁጭ አለች። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ" ብላ ነጠላዋን በፊቷ ሳበች።

ከሳምንት በኋላ ዘነበች ስሟን መስማት ተወች። ሌላውን ሁሉ ትሰማለች፣ ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ "ውሃ አቀብዪኝ" ስትላት ታቀብላለች፣ "ዘነበች" ስትላት ግን ማንም ያልተናገረ ይመስል ሥራዋን ትቀጥላለች። ጆሮዋን መረመርኩ፣ ንጹሕ ነው። ሰዓቴን በክንድ ርቀት ያዝኩላት፣ ምቱን ሰማች። ደብረ ብርሃን ወስጄ ለሐኪም አሳየኋት፣ "ምንም የለባትም" አለ። አባቴ ሌሊቱን ሲደግሙላት አደሩ፣ ፀበል ተጠመቀች፣ እኔም ያላገጥኩበትን ሁሉ በየተራ ለመንኩት። እሷ ግን ቀትር በደረሰ ቁጥር ከያዘችው ሥራ ቀና ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "አቤት" ትላለች።

ሰርጓ አሥር ቀን ሲቀረው ጉሙ ጎረቤላ ላይ ተኛ። ክሊኒክ አልሄድኩም፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ቀና አለችና "አቤት፣ መጣሁ" ብላ ተነሳች። ነጠላዋን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ "ዘነቡ! ዘነቡ! ዘነቡዬ!" ብዬ ሦስቴ ጠራኋት፣ እንደ ደንቡ። አልዞረችም። ነጠላው እጄ ላይ ቀረ፣ ከደጃፉ ሁለት ክንድ ርቃ አጣኋት፣ ያን ያህል ጉም ነበር። እኔ የሰው ነፍስ አድናለሁ የምል ሰው፣ እህቴን ከቤቴ ደጃፍ መመለስ አቃተኝ። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ሦስት ቀን ፈለግናት። ወንዙ ዳር ሣሩም ድንጋዩም በጤዛ ርሶ እያለ ጫማዋን ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘነው፣ ደረቅ ነበር። ከዚያ በቀር ምንም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ጎረቤላን ለቅቄ ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ሜዳ አገር ነው፣ ገደሉ ሩቅ ነው ብዬ። አልጠቀመኝም፣ ጉም በቀትር በወረደ ቁጥር "ጋሼ ተሾመ!" የሚል ድምፅ እሰማለሁ፣ የእሷን። ሁለቴ ብቻ። እሷ ብትሆን ሦስተኛውን ትጠራኝ ነበር እላለሁ፣ ደንቡን ከእኔ ይልቅ ታውቃለችና፤ ደግሞ ብትሆንስ፣ ሰው እንዲደርስላት እየጠበቀች ብትሆንስ እላለሁ፣ ልቤ እርር ይላል፣ ግን ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ለባለቤቴ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ጅማ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፣ የእኛን ገደል አታውቀውም።

ባለፈው ሳምንት ጉም ነበር። ድምፁ ሁለቴ ጠራኝ፣ እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "ኧረ ሰው እየጠራህ ነው!" አለች፣ አለመመለሴ ነውር ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ ሮጬ አፏን ሳልይዘው በመስኮቱ ብቅ አለችና "አቤት! አለ፣ እዚህ ነው!" አለችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ይኸው ከአንተም ጋር እጫወታለሁ። ትናንት ራት ላይ ብቻ ባለቤቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ምን ሆነሃል፣ ሦስቴ በስምህ ጠራሁህ እኮ" አለችኝ።