አሥራ አንድ ኬላ፣ አንድ ፍሪጅ

«ቀለሙ ደርቋል?»

«ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ቀቢው ባዶ የሚመስለውን የቀለም ቆርቆሮ ጎሚስታው በር ላይ ካለው አግዳሚ ሥር አስቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጠው ሽበታም ሰው ጋዜጣውን ሳይለቅ ቆርቆሮውን በእግሩ ወደ ራሱ ሳበው።

የሽበታሙ የምስጢር ስም «አጎት» ነው። ቀቢውን ከዋናው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት የላከው እሱ ነው። ሰሌዳ ጻፊ መስሎ የጤና መጋዘኑ ውስጥ መግባቱን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

«ምን አለው?»

«ፎቶ። በጀት የወጣው ለአሥራ አንድ ጤና ኬላ ነው። ያለው አንድ ነው፤ እሱም መንገደኛ ነው።»

«መንገደኛ ስትል?»

«ጎብኚ ሊመጣ ሲል አልጋውን፣ ፍሪጁን፣ ነጭ ጋውኑን በጭነት መኪና ጭነን ቀድመን እንደርሳለን። አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደረድራለን። እኔ ሰሌዳውን እጽፋለሁ። በማግሥቱ ነቅለን ወደ ቀጣዩ።»

«ማስረጃው?»

«የፍሪጁን በር በሚስማር ጫርኩት። ጎብኚዎቹ ራሳቸው በየኬላው ባነሱት ፎቶ ላይ ያው ጭረት አለ።»

አጎት ፈገግ አለ። «ጎበዝ፣ የእህቴ ልጅ! ነገ የመጨረሻህ ነው። ከጉብኝቱ በኋላ አወጣሃለሁ።»

ስድስት ወር እንደ ሰው ያልተኛው ቀቢ በዚያ ቀን ቀለል ብሎት ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢናው ውስጥ መሀል ላይ አስቀመጡት። በግራው ሾፌሩ። በቀኙ፣ በሩን ይዞ፣ የጤና መጋዘኑ ኃላፊ። ሰውየውን ሁሉም «ባለቁልፉ» ይለዋል፤ ወገቡ ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ይንሿሿል፤ የአሥሩ በር ግን በዓለም ላይ የለም።

መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ባለቁልፉ ዘወር አለ።

«አጎትህ ሰላም ብሎሃል።»

ቀቢው ክው አለ።

ባለቁልፉ ከደረት ኪሱ ትንሿን የፎቶ ካርድ አወጣ። ለሁለት ሰበራት። በመስኮት ወረወራት።

«የጎብኚዎቹ ፎቶስ እንዳትለኝ፤ የሚያስቀምጣቸው አጎትህ ነው። ፍሪጁንም ማታ አስቀባሁት። በአንተው ቀለም። ጥሩ ቀለም ነው፣ እጅህ ይባረክ።»

ሾፌሩ ሳቀ። ቀቢው አልሳቀም። በግራ ትከሻ፣ በቀኝ ትከሻ፣ በጉልበቶቹ መሀል ማርሽ። የሚከፍተው በር አልነበረም።

«ፈርም።» ወረቀት ጭኑ ላይ ተዘረጋ። የአሥራ አንዱ ጤና ኬላዎች ኃላፊ አድርጎ የሚሾመው ደብዳቤ ነው፤ ቀኑ ካለፈው ዓመት ይጀምራል።

«ነገሩ ምን መሰለህ? የላይኛው የበታቹን አምኖ ፈረመ። የታችኛው የበላዩ አዞት ፈረመ። ሲጠየቁ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል። የጎደለን አንድ ተጠያቂ ነበር።»

«ባልፈርምስ?»

«ሾፌር፣ ገደሉ ጋ ስትደርስ ቀስ በል እስቲ።»

መኪናው ቀስ አለ።

ፈረመ። ለዚህ ሥራ በተሰጠው የሐሰት ስም ፈረመ። ባለቁልፉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

መንደሩ ዳር ያለችውን ባዶ ክፍል አጥበው ዕቃውን ደረደሩ። የመጋዘኑ ጸሐፊ፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ፣ ጋውኑን ለብሳ ነርስ ሆነች። ቀቢው መሰላል ላይ ወጥቶ ጻፈ፦ «ጤና ኬላ። ሃያ አራት ሰዓት አገልግሎት።» ፊደሉ ያምራል። በዚህ በኩል አይታማም።

ገና ብሩሹን ሳያጥብ አንድ ሰው ምጥ የያዛትን ሚስቱን በእጁ ተሸክሞ ደረሰ። ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«ተመስገን! እዚህ መከፈቱንም አላወቅንም!»

ባለቁልፉ ፊቱ በራ። «እሰይ! እውነተኛ ታካሚ! አልጋው ላይ አስተኟት።»

ቀቢው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጓንት እንኳ የለንም። በጭነት መኪናው ሆስፒታል እናድርሳት።»

«ጎብኚዎቹ ይዩዋትና።»

«ትሞታለች!»

«ኃላፊው አንተ ነህ።» ባለቁልፉ ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ብትሞት የማን ጉድ ነው?»

ቀቢው በሩ አጠገብ ቆመ። ምጡን እየሰማ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ።

በመጨረሻ የጎብኚዎቹ መኪና መጣ። መጀመሪያ የወረደችው የቡድኑ መሪ፣ መነጽር ያደረገች ሐኪም ናት። ከኋላዋ ከረባት አስሮ አጎት ወረደ።

ሐኪሟ ሴትዮዋን ስታይ ቦርሳዋን ጣለች። መሳቢያውን ከፈተች። ባዶ። ፍሪጁን ከፈተች። ባዶ። ጋውን የለበሰችውን ልጅ አየቻት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?»

ባለቁልፉ ጣሪያውን አየ። ሾፌሩ ጫማውን አየ። አጎት ቀቢውን አየና በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። ዝም በል፣ ማታ ቤትህ ነህ ማለቱ ነው።

«እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ኃላፊው። ይኼ ጤና ኬላ አይደለም። አሥራ አንዱም ይኼው ፍሪጅ ነው፤ አዲሱን ቀለም ብትፍቁት ጭረት ታገኛላችሁ። የሾሙኝበት ደብዳቤ ባለቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከእኔ በላይ የፈረሙትም ስማቸው እዚያው አለ። መጀመሪያ ግን እሷን በመኪናችሁ ውሰዷት። አሁኑኑ!»

ሐኪሟና ባልየው ሴትዮዋን አንስተው ሮጡ። አጎት ወደ በሩ ሲንቀሳቀስ ከጎብኚዎቹ አንዱ መንገዱን ዘጋበት።

ምርመራው ወራት ወሰደ። የሚጎተት ጫፍ የተገኘው በዚያች ፊርማ ነው፤ ከእሷ ተነሥተው ባለቁልፉ ጋ፣ ከባለቁልፉ አጎት ጋ፣ ከአጎትም ወደ ላይ ደረሱ። ከአጎት መዝገብ ማንነቱን አውቆ እስር ቤት ድረስ የመጣው የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ አዲሱ አለቃ ግን ፊቱ ጨፍግጎ ነበር።

«አንተ የእኛ ሰው ነህ ካልን ጠበቆቻቸው ደብዳቤውን ራሳችን እንዳቀናበርነው አድርገው ሁሉንም ያስፈታሉ። ዝም ካልክ ግን...»

«ስንት ዓመት?»

«ሰባት። ምርጫው ያንተ ነው፣ ወንድሜ።»

ፍርድ ቤት ባልየው የመጨረሻው ምስክር ሆኖ ቆመ።

«ወደ ከተማ የሚወስደን መኪና አግኝቼ ነበር። ሰሌዳውን ሳነብ ሸኘሁት። ሚስቴ ተርፋልኛለች። ልጃችን ግን አልተረፈም።»

ዳኛዋ ወደ ተከሳሾቹ ዞሩ። «ሰሌዳውን የጻፈው ማነው?»

ከኋላ ወንበር አዲሱ አለቃ ተቁነጠነጠ። ቀቢው አላየውም። ያቺን አንድ ሰዓት እያሰበ ነበር። በሩ አጠገብ ቆመህ ጠብቅ ብሎ ማንም መሥሪያ ቤት አላዘዘውም። እጁ ላይ ካቴና ባይኖር ራሱን በጥፊ ይመታ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«አገልግሎት እንደሌለ እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየው።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ብዕሩን አነሣ። «ሙሉ ስም?»

ቀቢው የሐሰት ስሙን ከነአያቱ ተናገረ። ጸሐፊው መዘገበ። ዳኛዋ ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ከሌሎቹ ፍርደኞች ጋር አሰለፈው።