አራተኛው መርፌ

ሱዓድን የገደላት ሊያድናት የተሰቀለላት ደም ነው።

ዓርብ ቀን፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ የግል ክሊኒክ። ሱዓድ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ግን ደሟ አልቆም አለ። ደም ተሰጣት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተንቀጠቀጠች፤ ወገቤን፣ ወገቤን አለች፤ ሽንቷ ቀላ። መግሪብ ሳይሰገድ ሞተች።

የተሰቀለላት ደም ኤ ነበር። ቤት ተረስቶ የቀረው የእርግዝና ክትትል ካርዷ ኦ ይላል።

ካርዱን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ የገባችው ታላቅ እህቷ ሰዒዳ ናት። "የላብራቶሪው ከሊድ ነው የገደላት! እሰሩልኝ!" አለች። ከሊድ ያንኑ ማታ ታሰረ።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ደምመላሽ ደረሰ። ስሙን ተዉት፤ በሃያ ዓመት ሥራው የማንንም ደም መልሶ አያውቅም።

"ኤ ይሰጣት ያልከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሷ ኦ ናት።"

"ከሷ የተቀዳ ነው ተብሎ የመጣልኝ ቱቦ ውስጥ ያለው ኤ ነው። ወላሂ፣ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አስመርምሩት።"

ቱቦው ደሴ ተልኮ ተመረመረ። ኤ። የሟቿ ደም ተመረመረ። ኦ። ከሊድ አልዋሸም፤ ስሟ የተጻፈበት ቱቦ ውስጥ ያለው ደም የሷ አይደለም።

የሌላ በሽተኛ ቱቦ ተቀይሮ ይሆን? ደምመላሽ መዝገቡን አገላበጠ። በዚያ ሰዓት ለምርመራ ደም የተቀዳላት ሱዓድ ብቻ ናት። የአስከሬን ምርመራው ደግሞ ክንዶቿ ላይ ሦስት የመርፌ ቀዳዳ አለ ይላል፤ ሦስቱም ሥር የሳቱ። ደም የተሰቀለላትም ሐኪሙ በኋላ አንገቷ ላይ ባገኘው ሥር ነው። ታዲያ ቱቦው በምን ሞላ?

ደም የቀዳችው ነርስ ዊዳድ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። ብትጠየቅ፣ ብትጠየቅ መልሷ ለቅሶ ነው። "እኔን እሰሩኝ። ሌላ የምናገረው የለኝም" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ደምመላሽ ደሴ ወጣ። ለቅሶው ሆጤ ሰፈር ነው። ሰዒዳ እናት የሌላትን ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች።

"የጠረጠርኩት ዊዳድን ነው" አላት።

ብድግ አለች። "ዊዳድን እንዳይነኩብኝ! ከዚያ ሁሉ ሰው ለእህቴ ያዘነችላት እሷ ናት።"

"እንዴት አዘነችላት?"

"ሦስቴ ወጋቻት፤ ሥሯ ይሸሻል። በሙቅ ጨርቅ ያዘችላት፣ እጇን ቁልቁል አደረገችው፣ እምቢ አለ። ሁለቴ ከሳትን ሌላ ሰው መጥራት ደንባችን ነው አለች። የሚጠራው ከሊድ ነው፤ እሱ ጁምዓ ሄዷል። ሱዓዴ 'እታለም፣ በቃኝ' አለችኝ። ያን ጊዜ እኔ..."

"አንቺ ምን?"

"ከእኔ ቅጂ አልኳት። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው። አይሆንም አለች። በአላህ ብዬ ለመንኳት። ደሙ ቶሎ ካልመጣ እህቴ መሞቷ ነው አልኳት። ቱቦው ወዲያው ሞላላት።"

እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗ መታጠፊያ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች።

ደምመላሽ ዓይኑን ከነጥቧ አነሳ። ምነው ዛሬ ሌላ ሰው በተላከ ኖሮ!

"ያንቺ የደም ዓይነት ምንድን ነው?"

"የሷው ነዋ።"

"ሰዒዳ... የእናት ልጆች ደማቸው ሊለያይ ይችላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ኤ ነው። የሰቀሉላት ላንቺ የሚሆነውን ነው።"

ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጠችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ከሊድን ያለ ጥፋቱ አሳሰርኩት?"

"ዛሬውኑ ይፈታል።"

"ዊዳድስ?"

"እሷ ማወቅ ነበረባት። ትከሰሳለች።"

"እኔስ? ቁርጡን ይንገሩኝ።"

"ያንቺን ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፣ እህቴ" አላት። እውነቱን ነው፤ አያውቅም።

ሮብ ዕለት የሕፃኗ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሰዒዳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ደም ይመርመር ተባለ። ነርሷ ትንሿን እጅ ወጋች፤ ሳተች። ደግማ ወጋች፤ ሳተች። ሕፃኗ ጮኸች።

"ውይ፣ አሳዘነችኝ" አለች ነርሷ። "ትንሽ ትረፍ፤ ቆይተን እንሞክር?"

ሰዒዳ የገዛ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ድረስ ጎትታ ሸፈነች። የሕፃኗን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እንባዋ ሕፃኗ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጇን ግን አልለቀቀችም።

"የሚችል ሰው ጥሪና አሁኑኑ ቅጂ" አለች። "ከራሷ። ብታለቅስም ከራሷ።"