የሳህሌ እንጆሪ

ሳህሌ ሌክ ሲቲ ባለው አፓርታማው ሳሎን ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ እንደለበሰ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ እ.ኤ.አ. የ2008ን የዊምብልደን ቴኒስ ፍጻሜ በቀጥታ ያሳያል። ያኔ ሜዳው ገና ጣራ ስላልነበረው ጨዋታው በዝናብ ተቋርጦ ነበር፤ ሳህሌም የሞተው በዚያ እረፍት ነው።

የካውንቲው የድንገተኛ ሞት መርማሪ ማዕረግ ገመዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ከንፈሩ አብጧል፤ አንገቱ በሽፍታ ቀልቷል።

«የመረዘው እሱ ነው» አለች ሚስቱ የኔነሽ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የባሏን ጓደኛ ሀይለየሱስን እያሳየች። «እንጆሪውን ያመጣው እሱ ነው።»

ሀይለየሱስ መልስ አልሰጠም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ይዞት ሊሄድ የማዕረግን ቃል ብቻ ይጠብቃል።

ሳህሌ አዲስ አበባ የቴኒስ አሠልጣኝ ነበር። ዊምብልደን ለእሱ ዓመት በዓል ነው፤ ቤቱ ፍጻሜውን የሚያይ ሰው እንደ ተጫዋቾቹ ነጭ ይለብሳል፣ እንጆሪ በክሬም ይበላል፣ አለቀ። የኔነሽ ከዚያ ሁሉ ወግ የምትወደው አንዱን ብቻ ነው። በውድድሩ መሀል ባለው እሑድ ጨዋታ ስለማይኖር ባሏ ያን ቀን ያለ ጭቅጭቅ ቤተ ክርስቲያን ይሄድላታል። ሳህሌና ጴንጤው ጓደኛው ሀይለየሱስ ደግሞ አንዲት ኳስ መስመር ነካች አልነካች ተባብለው ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበር። የታረቁት ዛሬ ነው።

ማዕረግ የሳህሌን ልጅ ቢታንያን ወደ ኮሪደር ወሰደቻት።

«አባትሽ አለርጂ ነበረው?»

«የስ፣ በለውዝ። የአለርጂ መርፌዋን ሁሌ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዛት። ለአምቡላንስ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጌ ስፈልጋት ግን የለችም።»

«ጃኬቱ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር» አለችና ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ኋይት ብቻ ነው ብሎ መኪና ውስጥ ተወው።»

«ክሬሙን ማን ማን በላ?»

«እሱና ማሚ። እኔ እንጆሪውን ብቻ ነው የበላሁት። አንክል ሀይለየሱስ ከእንጆሪው ጋር ክሬምም አምጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ስኳር አለበት፣ ምንም አልቀመሰም።»

ማዕረግ ኩሽና ገብታ ፍሪጁን ከፈተች። የሀይለየሱስ ክሬም ማሸጊያው ሳይነካ ተቀምጧል። የታጠበውን ብሌንደር አንስታ ስታይ ከምላጩ ሥር ነጭ ፍርፋሪ አገኘች። ዞር ስትል ሀይለየሱስ በሩ ላይ ቆሟል።

«አይተሽዋል» አላት በዝግታ። «እኔም ቀድሜ አይቼዋለሁ። ልጄ፣ ተይው።»

«ጋሼ፣ እስር ቤት ሊያስገቡዎት ነው እኮ።»

«ይሁን።»

ማዕረግ በዚህ ሥራ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ግን እጇ ታስሮ አያውቅም። ዝም ብትል ንጹሕ ሰው ይታሰራል። ብትናገር ሌላዋን ትሰብራለች። ቆይቶም የሬሳ ምርመራው መናገሩ አይቀርም። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «እትዬ የኔነሽ፣ እርስዎም ከዚያው ሳህን በልተዋል፤ ምንም አልሆኑም። እሳቸውን ብቻ የገደለው አለርጂያቸው ነው። መርፌው ደግሞ ነጭ ብቻ ይለበሳል ተብሎ ከተተወው ጥቁር ጃኬት ጋር መኪና ውስጥ ቀርቷል።»

«ክሬም መቼ ጎድቶት ያውቃል?» አለች የኔነሽ።

«ጋሽ ሀይለየሱስ ያመጡት ክሬም አልተከፈተም። የተበላው እቤት ውስጥ የተሠራ ነው።» ማዕረግ እዚህ ላይ ማቆም ፈለገች፤ አልቻለችም። «የሰኔ ጾም ነው። ጋሽ ሀይለየሱስ ጴንጤ ናቸው፣ አይጾሙም። ቢታንያም ክሬሙን አልነካችም። የወተት ክሬም ለማን ይከብዳል ብዬ አሰብኩ። በምን ሠሩት?»

የኔነሽ ባሏን አየች። «በካሹ፣ በዚያ በሚቆረጠመው ነጭ ፍሬ» አለች። «ጾሙን እንዳይገድፍብኝ ብዬ ሳልነግረው ነው የሠራሁት። ለውዝ አይነካም፤ ለውዝ እኮ አላደረግኩበትም።»

«አንዳንድ ሰው ላይ ካሹም ያው ነው፣ እትዬ።»

ቢታንያ እናቷን አቀፈቻት። ማዕረግ ፖሊሱን እንዲሄድ ነገረችውና መሣሪያዋን መሰብሰብ ጀመረች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሣሩ እየጨለመ፣ ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች አሁንም ይጫወታሉ።

የኔነሽ ቀና አለች።

«ሀይለየሱስ፣ አውቀህ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርህ ለምን ዝም አልክ?»

ሀይለየሱስ ከተቀመጠበት ተነስቶ አጠገቧ መጣ።

«እኔ እችለዋለሁ ብዬ ነው» አለ።