አቤት ያልኩበት ከሰዓት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር «ቲቸር፣ ጋኔን ክብደት አለው?» ብሎ የጠየቀኝን ተማሪ ክፍሉ ሙሉ እስኪስቅ ያሾፍኩበት እኔ ነኝ፣ አሁን የምነግራችሁንም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ «እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን የማይሰማው አለ» ብዬ አልፈው ነበር።

እንቅልፍስ አጥቼ ነበር፣ አልዋሽም። እናቴ ስማዳ ስትሞት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ስልክም አይሠራም፣ መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። እህት ወንድም የለኝም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ፣ ለሌላ ሰው ሞኝነት ይመስል ይሆናል፣ የክርስትና ስሜን ሳትነግረኝ መሞቷ ነው። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፣ መተተኛ እጅ ይገባል ተብሎ ይፈራል፣ እናቴ ግን አብዝታው ከእኔም ደበቀችው። «የአንቺ አፍ አይታመንም፣ ስታገቢ እነግርሻለሁ» ትለኝ ነበር፣ እኔም አላገባሁ፣ እሷም አልነገረችኝ። አባቴም፣ ያጠመቁኝ ቄስም፣ የክርስትና እናቴም ቀድመዋት ሄደዋል። በቃ፣ ስሜን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም ማለት ነው፣ ይሄን እያሰብኩ ጣራ ላይ እንዳፈጠጥኩ ይነጋልኛል።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር ብርቱካን የምትባል ጓደኛ አለችኝ። በአእምሮ ጤና ሠልጥና መጥታ ሂፕኖቴራፒ የሚባል ሕክምና ልሞክርልሽ ስትለኝ «አሁን ደግሞ ጠንቋይ ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ተይ አንቺ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም» አለች እየሳቀች። «ራስሽን አትስቺም። ትንፋሽሽን ታረጋጊያለሽ፣ ደስ የሚልሽን ቦታ ታስቢያለሽ፣ እኔ ቀስ ብዬ እያወራሁ እመራሻለሁ፣ በቃ።»

እውነቷን ነበር። በየቀኑ መሄድ ስላልቻልኩ ድምጿን ስልኬ ላይ ቀዳችልኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትከሻሽን ልቀቂው፣ የምትወጂው ቦታ ሄደሽ ቁጭ በይ» ትላለች፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። የኔ ቦታ የእናቴ አውድማ ዳር ነው። እንቅልፉ ባይመጣም ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል ይለኝ ጀመር።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት። የንፋስ መውጫን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አጠገብ ያለ ሰው ያሳጣል። መብራት ሄዷል፣ ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ተጋድሜ ድምጿን ከፈትኩት። ዝምታው ጋ ስደርስ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ የነበረው ውሃ ቆመ፣ ቆመ ስላችሁ ቀነሰ ማለቴ አይደለም፣ ቀጥሎ ጭድ ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ኮሽታ ሰማሁ፣ ከስልኩ ይሁን ከደጅ እንጃ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ የብርቱካንን ይመስላል፣ ግን ከሷ ይልቅ የቀረበ፣ «ወለተ ሐና» አለ።

«አቤት» አልኩ።

በእኛ አገር ማን እንደጠራው ሳያይ አቤት የሚል የለም፣ የጠራው ጋኔን ከሆነ ይይዘዋል ይባላል፣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፣ አፌን ሳላዝዘው ነው የወጣው። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም፣ ስነቃ ነግቶ ነበር። እንዲያ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

ስልኩን ይዤ ብርቱካን ጋ ሮጥኩ።

«እዚህ ውስጥ የክርስትና ስሜን ጠርተሽኛል?»

«እኔ ከየት አውቄው?»

አብረን ሰማነው። ወለተ ሐና የሚል የለም። ዝምታው መሀል ላይ ግን፣ እንደተኛ ሰው ለስለስ ብሎ፣ የኔው ድምፅ «አቤት» ይላል። ስልኩ ሲያሰማ ነበር እንጂ ሲቀዳ አልነበረም፣ እምላለሁ። ብርቱካን ፊቷ ተለዋወጠ።

«አጥፊው፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ አጥፊው» አለች።

ስሙ የኔ መሆን አለመሆኑን ልጠይቅ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተውኝ «ልጄ፣ ስሙስ ይሁን፣ የተባረከ ስም ነው» አሉኝ። «አቤት ካልሽ በኋላስ ምን አለሽ?»

«አላውቅም አባ፣ ተኝቼ ነበር።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ደህና ነው፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ድምፁን አላጠፋሁትም፣ አልከፍተውም። ስሜ እሱ ከሆነ ከእናቴ ሌላ ማን ሊጠራኝ ይችላል፣ ካልሆነ ደግሞ ለማን ነው አቤት ያልኩት? ተኝቼ ሳለ ምን እንደተነገረኝ አላውቅም፣ እየፈጸምኩት መሆኔንም አላውቅም፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ትናንት እንደ ወትሮው ለብቻዬ ምሳዬን አቅርቤ ቀና ስል ከማዶዬ ሌላ ዱካ፣ በርጩማ ማለቴ ነው፣ ተቀምጧል፣ መቼ አምጥቼ እንዳስቀመጥኩት እንጃ። ላነሳው ብዬ ተውኩት። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ፣ ሳልቆርስም ትንሽ ጠበቅሁ።