ከአፉ በላይ የቆመ ውሃ

የካሤ ሬሳ ከመደቡ ላይ እንደ ተዘረጋ ነበር። ከአፉ የወጣው አረፋ ደረቱ ላይ ደርቆ ዝንብ ወርሮታል፤ የፍየል መዥገር መድኃኒት ይሸታል። በ1995 ዓ.ም. ግንቦት፣ በሌላ ጉዳይ ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወረዳ ወርዶ የነበረው መርማሪ ወንዳወቅ ሰምቶ ሲደርስ፣ የሟቹ ሚስት ጥሩሐረግ የፊጥኝ ታስራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። «ገዳይ!» እያለ የሚተፋባት ብዙ ነው።

«ማን አሰራት?»

«እኔ» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ንብረት፣ አንድ እጁን ከጋቢው ሥር ሳያወጣ። «ማለዳ በዚያ ጣሳ ውሃ ሰጠችው። እኩሌታውን ጠጥቶ ዓይኔ እያየ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጣሳውን ማንም እንዳይነካው በሩን የጠበቅሁት እኔው ነኝ።»

ወንዳወቅ ከራስጌው ጣሳ ትይዩ ተንበረከከ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአግድም ተመለከተው። ብዙ ቆየ። ከሽታው ይልቅ የተረዳው ነገር አስጸየፈው።

ወጥቶ ጥሩሐረግን ጠየቃት። «ውሃውን ጠጣ?»

«ኧረ ሳይነካው ነው የወጣሁት፣ ጌታዬ! ለታመመ ጎደሎ አይቀርብም ብዬ፣ ጣሳውን ራስጌው አኑሬ እላዩ ላይ ሞላሁለትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።»

«ከውሃው ሌላስ?»

«ሁለቱ ወንድማማቾች በመስኖው ውሃ ተጣልተው ከርመው ነበርና፣ ንብረት የእርቅ ነው ብሎ አረቄ ይዞ መጣ። ካሤ ‹ያመጣ ይቅመስ› ቢለው፣ ‹የነፍስ አባቴ ከልክለውኛል› ሲል ሰምቼ ወጣሁ።»

ወንዳወቅ ጎረቤቱንና የሁለቱን ወንድማማቾች የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ጻድቅን ሬሳው ዘንድ ሰበሰበ።

«ዝቅ ብላችሁ እዩ። ውሃው ከጣሳው አፍ በላይ አብጦ ቆሟል። ውሃ እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ የተማሩት የሃይድሮጂን ትስስር ይሉታል። ስለዚህ ከአፍ አልፎም ሳይፈስ ይቆያል።» ሁሉም ካዩ በኋላ ሳሙና አስመጥቶ ጣቱን ቀባና የውሃውን ፊት ነካ፤ እብጠቱ ፈርሶ በጣሳው ጎን ወረደ። «ሳሙና ያንን መሳሳብ ይበጥሰዋል፤ መዥገር መድኃኒቱም እንደ ሳሙና ነው፤ ቢገባበት ኖሮ እንዲያ አይቆምም። ደግሞስ እኩሌታው የተጠጣ ጣሳ አፉን አልፎ ይሞላል? አቶ ንብረት፣ ማንም አልነካውም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲህ... እኔ ምን አውቄ...»

«አባ፣ አረቄ ከልክለውት ነበር?»

«እኔ? ይኼ ሰውዬ ዐቢይ ጾምን እንኳ ያለ አረቄ አይውላት!»

«ከመጣሁ ጀምሮ እጅዎ ከጋቢዎ አልወጣም። የያዙትን ያውጡና ይቅመሱልን።»

ንብረት ጠርሙሱን አወጣ። ቡሹ ሲነሣ ያው የመዥገር መድኃኒት ሽታ ቤቱን ሞላው። ንብረት ከከንፈሩ ሳያደርስ መልሶ ከደነው።

«በእርቅ ስም!» አለ ወንዳወቅ፤ አንቱታው ከአፉ ጠፋ። «ጠብታ እንኳ ጠብታን አልለቀቀም፤ አንተ ግን የእናትህን ልጅ ገድለህ ሚስቱን አሰርህ።» የጥሩሐረግን ገመድ በገዛ እጁ ፈታላት።

«ውሃ ስጡኝ» አለ ንብረት።

ዝቋላ ለለመነ ውሃ የሚነፈግበት አገር አይደለም። ከተሰበሰበው ሰው ግን አንድም አልተነሣ።